ሶርን (የቆመ ተሽከርካሪ ማስታወቂያ)

ሶርን በዩናይትድ ኪንግደም አንድ ተሽከርካሪ ለጊዜው ከሕዝብ መንገድ ወጥቶ መቆሙን ለመንግሥት የሚገለጽበት ሕጋዊ ማስታወቂያ ነው። ስሙ «ከመንገድ ውጪ መሆንን የሚገልጽ ሕጋዊ ማስታወቂያ» የሚል ትርጉም ካላቸው አራት የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት የተገኘ ምኅጻረ ቃል ነው። ማስታወቂያውን የሚቀበለው በዌልስ በስዋንሲ ከተማ የሚገኘው የአሽከርካሪዎችና የተሽከርካሪዎች ፈቃድ ሰጪ ኤጀንሲ፣ በአጭሩ ዲቪኤልኤ ነው። ሶርን የገባለት መኪና እስከቆመ ድረስ ግብር አይከፈልበትም፤ መድን የመግባት ግዴታውም ይነሳል። ሶርን ያልገባለት መኪና ግን ባለቤቱ ለዓመታት ባይነዳው፣ ሞተሩ ቢወልቅ ወይም ጎማ ባይኖረው እንኳ በሕግ ፊት እንደሚነዳ መኪና ይቆጠራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «መኪናዬ ቆማለች፣ ስለዚህ አልከፍልም» የሚለው አስተሳሰብ ለጆሮ ትክክል ይመስላል፤ ሕጉ የሚያየው ግን የመኪናውን ጎማ ሳይሆን መዝገቡን ነው። መኪናው ወይ ግብር የተከፈለበት፣ ወይ ሶርን የገባለት መሆን አለበት። ሦስተኛ ምርጫ የለም።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪክ

በብሪታንያ የሞተር ተሽከርካሪ ግብር ሥር የያዘው ዴቪድ ሎይድ ጆርጅ የገንዘብ ሚኒስትር ሳሉ በ1909 ባቀረቡት በጀት ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1921 ጀምሮ ግብር የከፈለ ሰው በመኪናው የፊት መስታወት ላይ የሚለጥፈው ክብ ወረቀት ይሰጠው ነበር። ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ወረቀት አዲስ ነገር አይሆንበትም፤ በመስታወት ላይ ከሚለጠፈው ቦሎ ጋር ይመሳሰላል። (ቦሎ ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ማኅተም ወይም ቴምብር ማለት ነው። ጣልያኖች ዛሬም የመኪና ግብራቸውን በዚሁ ስም ይጠሩታል።)

በወረቀቱ ዘመን ቁጥጥሩ የዓይን ሥራ ነበር። የትራፊክ ፖሊስ ወይም ተቆጣጣሪ በመንገድ ሲያልፍ መስታወቱን አይቶ ቀኑ ያለፈበትን ይይዛል። መኪናው ካልተያዘ ግን ባለቤቱ ግብሩን ያልከፈለው መኪናውን ስላቆመው ይሁን ወይም ተደብቆ ስለሚነዳው የሚያውቅ አልነበረም። መዝገቡ ላይ የሚታየው «ግብሩ አልታደሰም» የሚል ባዶ ቦታ ብቻ ነው።

ሶርን የመጣው ይህን ባዶ ቦታ ለመሙላት ነው። ከጃንዋሪ 31 ቀን 1998 ጀምሮ ግብሩን የማያድስ ሰው ምክንያቱን በማስታወቂያ እንዲገልጽ ግዴታ ሆነ። ከዚያ ቀን በፊት ግብሩ ተቋርጦ ከዚያ ወዲህ ያለማቋረጥ ከመንገድ ውጪ የቆየ መኪና ግን ማስታወቂያ አያስፈልገውም። ለዚህ ነው በአንዳንድ የገጠር ጎተራ ውስጥ አቧራ የለበሰ አሮጌ መኪና ያለ ምንም ወረቀት በሕጋዊ መንገድ ቆሞ የሚገኘው።

ቀጣዩ ትልቅ ለውጥ የመጣው በ2004 ነው። ከዚያ በፊት ለመቅጣት መኪናውን መንገድ ላይ ማግኘት ያስፈልግ ነበር። ከ2004 ወዲህ ግን ኮምፒዩተሩ መዝገቡን ፈትሾ ግብርም ሶርንም የሌለውን መኪና ሲያገኝ ለተመዘገበው ያዥ የቅጣት ደብዳቤ ይልካል። መኪናውን ማንም ማየት አያስፈልገውም።

መጀመሪያ ላይ ሶርን የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ነበር። በየዓመቱ ማደስ የረሳ ሰው መኪናው ንቅንቅ ሳይል ይቀጣ ነበር፤ ይህ ብዙ ቅሬታ ሊያስነሳ የሚችል አሠራር እንደነበር ግልጽ ነው። ከዲሴምበር 2013 ጀምሮ ማስታወቂያው አንድ ጊዜ ከገባ መኪናው እንደገና ግብር እስኪከፈልበት፣ እስኪሸጥ፣ እስኪፈርስ ወይም ለዘለቄታው ከአገር እስኪወጣ ድረስ ይጸናል። በኦክቶበር 1 ቀን 2014 ደግሞ የመስታወቱ ወረቀት ራሱ ቀረ። ዛሬ ግብር መከፈሉን የሚያረጋግጡት ታርጋ የሚያነቡ ካሜራዎችና ከዲቪኤልኤ መዝገብ ጋር የተገናኙ ኮምፒዩተሮች ናቸው።

አገባቡ

ማስታወቂያውን የሚያስገባው በሊብሬው ላይ በያዥነት ስሙ የተመዘገበው ሰው ነው። የብሪታንያ ሊብሬ የባለቤትነት ማረጋገጫ አይደለም፤ ይህም በራሱ በሊብሬው ላይ ተጽፏል። የሚያመለክተው መኪናውን የያዘውንና በሕግ የሚጠየቅበትን ሰው ነው። ስለዚህ አባት የገዛው መኪና በልጁ ስም ከተመዘገበ የቅጣቱ ደብዳቤ የሚደርሰው ለልጁ ነው።

ማስታወቂያው በኢንተርኔት፣ በስልክ ወይም ቅጽ ሞልቶ በፖስታ በመላክ ይገባል። ክፍያ የለውም። በኢንተርኔት ወይም በስልክ ለሚያስገባ ሰው ከሁለት ቁጥሮች አንዱ ያስፈልገዋል፤ በሊብሬው ላይ ያለው ባለ 11 አኃዝ ቁጥር ወይም ግብሩ ሊያልቅ ሲል በሚላከው ማስታወሻ ላይ ያለው ባለ 16 አኃዝ ቁጥር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል እንጂ ትንሽ አይደለም። በሊብሬው ቁጥር የገባ ሶርን ወዲያውኑ ይጸናል። በማስታወሻው ቁጥር የገባው ግን የሚጸናው ከሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ነው።

መኪናው የሚቆምበት ቦታ የግል መሆን አለበት፤ በግቢ ውስጥ፣ በቤቱ የመኪና ማቆሚያ ክፍል ወይም በሌላ የግል መሬት። በመንገድ ዳር ማቆም፣ የነዋሪነት ፈቃድ ያለበት ቦታም ቢሆን፣ አይፈቀድም። በዚህ ምክንያት ሶርን ለሁሉም እኩል የተከፈተ በር አይደለም። ግቢ ያለው ሰው በነፃ ይጠቀምበታል። በለንደን አፓርታማ ውስጥ የሚኖርና መኪናውን ደጃፉ ላይ መንገድ ዳር የሚያቆም ሰው ግን፣ ለሦስት ወር ዘመድ ጥየቃ ወደ አዲስ አበባ ቢሄድ እንኳ፣ የግል ማቆሚያ ካልተከራየ በቀር ግብሩንም መድኑንም መክፈሉን ይቀጥላል። የማቆሚያው ኪራይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሚተርፈው ግብር ይበልጣል።

ሶርን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሶርን የገባለትን መኪና የገዛ ሰው በራሱ ስም አዲስ ማስታወቂያ ማስገባት ወይም ግብር መክፈል አለበት። ግብሩም ቢሆን ከ2014 ወዲህ ከመኪናው ጋር አይሸጥም።

ሶርን የገባለትን መኪና በሕዝብ መንገድ ላይ መንዳት የሚፈቀደው አስቀድሞ ቀጠሮ ወደተያዘለት የቴክኒክ ምርመራ ለመሄድና ከዚያ ለመመለስ ብቻ ነው። ለዚያ ጉዞም ቢሆን መድን ያስፈልጋል። ከዚህ ውጪ ሲነዳ የተገኘ ሰው ፍርድ ቤት ሊቀርብና እስከ 2,500 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። «ወተት ልገዛ እስከ ማዕዘኑ ሱቅ ነው የሄድኩት» የሚለው ምክንያት አያድንም።

ግብር የማይከፈልባቸው መኪኖችም ከዚህ ሕግ አያመልጡም። ከ40 ዓመት በላይ የሆናቸው ታሪካዊ ተሽከርካሪዎች የሚከፍሉት ግብር ዜሮ ነው። ይሁን እንጂ ባለቤቱ ዜሮውን «መክፈል»፣ ማለትም በየዓመቱ መኪናውን ማስመዝገብ ወይም ሶርን ማስገባት አለበት። ምንም ገንዘብ ሳይጎድልበት መንግሥት ሊቀጣው ይችላል ማለት ነው።

የገንዘቡ ስሌት

ግብር አስቀድሞ ተከፍሎበት ሶርን የገባለት መኪና ላልተጠቀመበት ጊዜ ተመላሽ ያገኛል። ገንዘቡን ለማግኘት ሌላ ማመልከቻ አያስፈልግም፤ ቼኩ በሊብሬው ላይ ባለው ስም ይላካል። በየወሩ ከባንክ የሚቆረጥ ከሆነም መቆረጡ ያቆማል። ዋናው ነጥብ ተመላሹ የሚታሰበው በቀረው ሙሉ ወር ልክ መሆኑ ነው። የተጀመረ ወር እንደተጠቀሙበት ይቆጠራል። በሌላ በኩል መኪናው ወደ መንገድ ሲመለስ ግብሩ የሚታሰበው ከዚያ ወር የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ነው፤ የተከፈለው በ28ኛው ቀን ቢሆንም።

ሁለቱ ሕጎች ሲደመሩ ውጤቱ የሚያስገርም ነው። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ መደበኛው የመኪና ግብር በዓመት 195 ፓውንድ ነበር፤ በወር ሲካፈል 16 ፓውንድ ከ25 ሳንቲም ይሆናል። አንድ ሰው መኪናውን በማርች 3 ሶርን አስገብቶ በሜይ 27 እንደገና ግብር ከፈለበት እንበል። መኪናው ወደ ሦስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ቆሟል። ማርች ግን የተጀመረ ወር ስለሆነ አይመለስም፤ ሜይም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይታሰባል። የተረፈው የኤፕሪል ግብር፣ 16 ፓውንድ ከ25 ሳንቲም ብቻ ነው። ይኸው ሰው ማስታወቂያውን በፌብሩዋሪ 28 አስገብቶ ግብሩን በጁን 1 ቢከፍል ኖሮ የሦስት ወር፣ ማለትም 48 ፓውንድ ከ75 ሳንቲም ይተርፈው ነበር። ልዩነቱ የመጣው በጥቂት ቀናት ነው። ስለዚህ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ መኪና ለሚያቆም ሰው ሶርን ብዙውን ጊዜ ድካሙን አያክልም።

በተቃራኒው ማስታወቂያውን የረሳ ሰው የ80 ፓውንድ ቅጣት ይደርሰዋል፤ በ33 ቀን ውስጥ ከከፈለ ወደ 40 ይወርዳል። መንገድ ላይ የተገኘ ግብር ያልተከፈለበት መኪና ጎማው በብረት ሊቆለፍ፣ ከዚያም ተጎትቶ ሊወሰድ ይችላል።

መድን

የመድኑ ግዴታ ከግብሩ የሚለይ ሕግ ነው፤ ሁለቱን ያገናኛቸው ሶርን ነው። በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ እስከ 2011 ድረስ ወንጀሉ ያለ መድን መንዳት ነበር። በዚያ ዓመት «የማያቋርጥ መድን» የሚባለው አሠራር ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሶርን ያልገባለት መኪና ያለ መድን መያዝ ብቻውን ጥፋት ነው። የአገሪቱ የሞተር መድን ሰጪዎች ቢሮ የሚይዘው የመድን መዝገብ ከዲቪኤልኤ መዝገብ ጋር ይነጻጸራል። መድን የሌለው መኪና ሲገኝ መጀመሪያ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፣ ቀጥሎ የ100 ፓውንድ ቅጣት ይላካል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ቅጣቱ እስከ 1,000 ፓውንድ ሊደርስ ይችላል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መኪና ሲቆም መጀመሪያ ሶርን ይገባል፤ መድኑ የሚቋረጠው ሶርኑ ከጸና በኋላ ነው። መድኑን አስቀድሞ ያቋረጠ ሰው በመሃል ባሉት ቀናት ጥፋተኛ ይሆናል፤ ባለ 16 አኃዙን ቁጥር የተጠቀመ ከሆነ ደግሞ ያ ክፍተት እስከ ወር መጨረሻ ሊረዝም ይችላል። መኪናው ሲመለስ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ መጀመሪያ መድን፣ ከዚያ የቴክኒክ ምርመራ፣ በመጨረሻ ግብር። ግብሩ ሲከፈል ሶርኑ በራሱ ይነሳል።

ግዴታው ተነሳ ማለት ግን አደጋው ተነሳ ማለት አይደለም። መድን የሌለው የቆመ መኪና ቢሰረቅ፣ ቢቃጠል ወይም ዛፍ ቢወድቅበት ኪሳራው የባለቤቱ ነው። ለዚህ ሲባል አንዳንድ የመድን ድርጅቶች ለቆመ መኪና ብቻ የሚሆን፣ እሳትንና ስርቆትን የሚሸፍን ርካሽ ውል ይሸጣሉ። ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። አደጋ ሳያደርሱ በቆዩ ቁጥር የሚጠራቀመው የዓረቦን ቅናሽ በብዙ ድርጅቶች ዘንድ ከሁለት ዓመት በላይ ካልተሠራበት ይጠፋል። ለዓመታት ሲጠራቀም የኖረን ቅናሽ በማጣት የሚመጣው ኪሳራ፣ በተለይ ለወጣት አሽከርካሪ፣ በሶርን ከተረፈው ገንዘብ ሊበልጥ ይችላል።

ያልተነገረ ማቆም፦ የፖርቱጋሉ ጉዳይ

«አልነዳትም፣ ግቢዬ ውስጥ ናት» የሚለው ክርክር ምን ያህል ሩቅ ሊወስድ እንደሚችል የሚያሳየው ከፖርቱጋል ተነሥቶ እስከ አውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት የደረሰ ጉዳይ ነው። አንዲት ሴት በጤና ምክንያት መኪና መንዳት አቁማ መኪናዋን ግቢዋ ውስጥ አቆመች። ከአገልግሎት ለማውጣት ግን ለማንም አላመለከተችም፤ መድንም አልነበራትም። በኖቬምበር 2006 ልጇ ሳያስፈቅዳትና ሳታውቅ መኪናውን ይዞ ወጣ። መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ልጁና ሁለት ተሳፋሪዎች ሞቱ።

መድን የሌላቸው መኪኖች ለሚያደርሱት ጉዳት የሚከፍለው የፖርቱጋል የዋስትና ፈንድ ለተሳፋሪዎቹ ወራሾች ካሳ ከፈለ። ከዚያ ከ400 ሺህ ዩሮ በላይ የሚሆነውን ገንዘብ እንድትተካ ሴትዮዋን ከሰሰ። የሷ መከራከሪያ ግልጽ ነበር፦ አደጋውን አላደረሰችም፣ መኪናውን ለማንም አልሰጠችም፣ የመንዳት ሐሳቡም አልነበራትም። ፍርድ ቤቱ በሴፕቴምበር 4 ቀን 2018 በሰጠው ውሳኔ በአባል አገር የተመዘገበና ሊነዳ የሚችል መኪና፣ በሕጋዊ መንገድ ከአገልግሎት እስካልወጣ ድረስ፣ በግል ግቢ ውስጥ ቆሞም መድን ሊኖረው ይገባል አለ። ፈንዱ ገንዘቡን መድን የመግባት ግዴታ ካለበት ሰው እንዲጠይቅ የሚፈቅድ የአገር ሕግም፣ ሰውየው ለአደጋው ጥፋተኛ ባይሆንም እንኳ፣ ከኅብረቱ ሕግ ጋር እንደማይጋጭ ወሰነ።

ውሳኔው ልጁን ላጣች እናት ጭካኔ ሊመስል ይችላል። በሌላው ወገን ያሉት ግን የሁለቱ ተሳፋሪዎች ቤተሰቦች ናቸው፤ የግዴታ መድን የተፈጠረውም ለእነሱ ዓይነት ሰዎች ነው። መኪናው ከአገልግሎት መውጣቱ በመዝገብ ሰፍሮ ቢሆን ኖሮ የመድን ግዴታው በእናትየው ላይ አይኖርም ነበር።

በ2021 ፍርድ ቤቱ ከፖላንድ በመጣ ሌላ ጉዳይ ሐሳቡን አጠናከረው። ሊነዳ የማይችልና ሊፈርስ የተወሰነ መኪና እንኳ ከመዝገብ በሕጋዊ መንገድ እስካልወጣ ድረስ መድን ያስፈልገዋል አለ። በዚያው ዓመት የኅብረቱ የሞተር መድን መመሪያ ተሻሽሎ አባል አገሮች ለጊዜውም ሆነ ለዘለቄታው ከአገልግሎት የወጡ መኪኖችን ከግዴታው ነፃ እንዲያደርጉ ተፈቀደላቸው፤ መውጣታቸው በይፋ ሊረጋገጥ የሚችል ከሆነ። ከኅብረቱ የወጣችው ብሪታንያ በ2022 ባወጣችው ሕግ የግዴታ መድንን በግል መሬት ላይ ጭምር የሚያስፋፋውን የአውሮፓ ፍርድ ትርጓሜ ከሕጓ አስወግዳለች። ሶርንም እንዳለ ቀጥሏል።

በሌሎች አገሮች

ጀርመን ለዚሁ ችግር የተለየ መፍትሔ አላት። ከ1997 ጀምሮ ከሁለት እስከ አሥራ አንድ ወር የሚያገለግል የወቅት ታርጋ ይሰጣል። በታርጋው ቀኝ ጠርዝ ላይ ሁለት ቁጥሮች አንዱ ከሌላው በላይ ይጻፋሉ፤ ላይ 04 ታች 10 ከተጻፈ መኪናው ከኤፕሪል መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ይነዳል ማለት ነው። ግብሩም መድኑም በወራቱ ልክ ይታሰባል። ሞተር ብስክሌትና ጣሪያው የሚከፈት መኪና ያላቸው ሰዎች ይወዱታል። ከወቅቱ ውጪ መኪናው መንገድ ዳር መቆም አይችልም፤ በግቢ ከቆመ ግን የመድን ውሉ በተኛበት ሆኖ የተወሰነ ሽፋን ይሰጠዋል። በየዓመቱ ማስታወቂያ ማስገባትና ማንሳት የለም፤ ማንኛውም መንገደኛ ታርጋውን አንብቦ ይረዳል። ከብሪታንያው የሚሻልበት ይህ ነው፤ ጉድለቱ ደግሞ ባለቤቱ የሚያቆምበትን ወር አስቀድሞ ማወቅ ያለበት መሆኑ ነው።

በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ዓ.ም. መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው። የቦሎ እድሳትም ከዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ጋር የተያያዘ ነው።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛት ተመሳሳዩ አሠራር «የታቀደ አለመንቀሳቀስ» ይባላል። ማመልከቻው ምዝገባው ሊያልቅ 60 ቀን ሲቀረው ጀምሮ ካለቀ በኋላ እስከ 90 ቀን ድረስ ሊቀርብ ይችላል፤ እንደ ሶርን ግን ነፃ አይደለም፣ አነስተኛ ክፍያ አለው። መኪናው በምዝገባው ዓመት ሙሉ በሕዝብ መንገድ መነዳት፣ መጎተት ወይም መቆም አይችልም። አንድ ቀን እንኳ መንገድ ላይ ከተገኘ የዓመቱ ሙሉ የምዝገባ ክፍያ ከነቅጣቱ ይጠየቃል። መኪናውን ወደ ጥገና ቦታ መውሰድ የፈለገ ሰው አስቀድሞ ለአንድ ቀን የሚያገለግል የማንቀሳቀሻ ፈቃድ ያወጣል።